ለዕለት ሥራና ለዱር የሚሆን ርካሽ ቢላ፦ ሞራ ኮምፓኒየን እና ኦፒኔል ቁጥር 8

የመጀመሪያው የዱር ቢላዬ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ እጀታው ክብሪትና መርፌ እንዲያስቀምጥ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ መክደኛው ላይ ደግሞ ኮምፓስ የተገጠመለት ግዙፍ ዕቃ ነበር። ደረቅ እንጨት ላይ አጋድሜ ጀርባውን በዱላ ስመታው ሦስተኛው ምት ላይ ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ሳነሳው፣ ያን ሁሉ ብረት ከእጀታው ጋር ያያያዘው አንድ አጭር ብሎን ብቻ እንደነበር አየሁ። ከዚያ ወዲህ ርካሽ ቢላ ስመዝን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቡ የዋለው በምኑ ላይ ነው? ዋጋው ትንሽ በሆነ ቢላ ላይ እያንዳንዱ ጌጥ ከብረቱ ጥራት ተቀንሶ የመጣ ነውና።

በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ ሁለት ቢላዎች ደህና አድርገው ያልፋሉ፤ የስዊድኑ ሞራ ኮምፓኒየን እና የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8። ሁለቱም ከሠራተኛ ሰው ቢላ የተወለዱ ናቸው፤ የሞራ ኩባንያ ዕድሜውን እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ይቆጥራል፣ ጆሴፍ ኦፒኔል ደግሞ ሳቮይ በተባለው የፈረንሳይ አካባቢ የመጀመሪያውን ሰንጢ የሠራው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ሞራ ኮምፓኒየን የማይታጠፍ ቢላ ሲሆን ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እጀታው ጎማ የለበሰ ፕላስቲክ ስለሆነ በረጠበ ወይም በደነዘዘ እጅ ሲያዝ እንኳ አይንሸራተትም፤ ሰገባውም ፕላስቲክ ነው፣ ቢላው ሲገባበት ቀጭ ብሎ ይይዛል። ለዓይን የሚማርክ ነገር የለውም። ገንዘቡ የት እንደዋለ የሚታወቀው ስለቱን ብርሃን ላይ ሲያዞሩት ነው፤ ከጎኑ የሚጀምረው ሰፊ ተዳፋት አንድ ወጥ ሆኖ እስከ ጠርዙ ይወርዳል ማለት ይቻላል። ይህን ተዳፋት ደረቅ ጭራሮ ላይ አስተኝተው በዝግታ ሲገፉት እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ልጣጩን ሳይቆርጡ ጫፉ ላይ ትተው ቀጣዩን ከጀመሩ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአንድ ክብሪት የሚቀጣጠል ጎፈሬ ዱላ በእጅዎ ይዘዋል።

ያው ተዳፋት ወጥ ቤት ሲገባ ግን ይከዳል። ከጠርዙ ከፍ ብሎ ያለው ውፍረት እንደ ሽብልቅ ስለሚሠራ ጠንካራ አትክልት ሲከትፉበት ቁራጩ ሳይቆረጥ ተሰንጥቆ ይወድቃል። እጀታው ውስጥ የገባው ብረትም እስከ መጨረሻው አይዘልቅም፤ ስለዚህ በዱላ እየመቱ ቀጫጭን እንጨት መፍለጥ ይቻላል እንጂ የወፈረው ለመጥረቢያ ቢተው ይሻላል። ቢላን ሰክቶ ጠምዝዞ መፈልቀቅማ ለየትኛውም ዓይነት አይመከርም።

ኦፒኔል ቁጥር 8 ታጣፊ ነው፤ 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት፣ ቢች ከተባለ ዛፍ እንጨት የተሠራ እጀታ፣ ከዚያ በላይ ብዙም የለውም። ኪስ ውስጥ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ቀላል ነው። ስለቱ ከጀርባው ወደ ጠርዙ እየሳሳ ስለሚወርድ ሞራ የሚሰነጥቀውን ነገር እሱ ሳይታገል ይቆርጠዋል፤ ለካርቶን፣ ለገመድ፣ ለገበታ የሚስተካከለው ርካሽ ቢላ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1955 አንገቱ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨመረበት፤ ስለቱን ከፍተው ቀለበቱን ሲያዞሩት ጣት ላይ እንዳይታጠፍ ይቆለፋል። ቁልፉ በራሱ አይሠራም፤ ማዞሩን የረሳ ሰው ቁልፍ በሌለው ሰንጢ እየሠራ ነው። እጀታው እንጨት እንደመሆኑ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያን ጊዜም ስለቱ ተጣብቆ በጥፍር አልወጣ ይላል። የሳቮይ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቀለበቱን ፈትተው የእጀታውን ኋላ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ሲያደርጉት የስለቱ ጫፍ ብቅ ይላል። መላው ይሠራል፤ ዝናብ ለሚበዛበት ጉዞ ግን እኔ መላ የማይፈልግ ቢላ ይሻለኛል።

ሁለቱም በማይዝግ ብረትና በካርቦን ብረት ይሸጣሉ። ካርቦኑ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይሳላል፤ ክፍያውን የሚጠይቀው በእንክብካቤ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ካደረበት በማግስቱ ብርቱካንማ ክብ ይገኝበታል፣ ሎሚ የነካው ቦታ ደግሞ ወዲያው ይጠቁራል። ጥቁረቱ ከቀዩ ዝገት የተለየ ነው፤ ሲደራረብ እንዲያውም ብረቱን በመጠኑ ይጠብቀዋል። እኔ ጥቁረቱን እወደዋለሁ፤ ቢላውን የሚያውስ ሰው ግን የማይዝገውን ይግዛ፣ የተዋሰ ቢላ ተወልውሎ ሲመለስ አይቼ አላውቅምና።

ስለ መሳል ትንሽ ልበል፤ ርካሽ ቢላ ከውድ እኩል የሚቆመው በዚህ ነው። ሞራን መሳል ለጀማሪ ይቀላል፤ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ድፍት ካደረጉት ማዕዘኑን እሱ ራሱ ይይዝልዎታል። ኦፒኔል ላይ ማዕዘኑን በእጅ መጠበቅ ግድ ነው፤ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። መሳሳት አለመሳሳትዎን ለማወቅ ጠርዙን በማርከር ቀብተው ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ይግፉት። ቀለሙ ከላይ ብቻ ለቆ ከጠርዙ ካልለቀቀ ስለቱን አልነኩትም፤ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ቢላውን ከልክ በላይ አቁመውታል። በተቃራኒው ጎን አውራ ጣትዎን ከጀርባ ወደ ጠርዝ በቀስታ ሲያሳልፉ ጠርዙ ላይ ተገፍቶ የታጠፈ የብረት ሻካራ ከንፈር ከዳሰሱ ጎን ለመቀየር ጊዜው ደርሷል። በሁለት ጥርሶች መካከል ስለቱን እየሳቡ የሚያሾሉበትን መሣሪያ ከሞራ ያርቁ፤ ያን ወጥ ተዳፋት ያበላሸዋል።

ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ መመልከት ያስፈልጋል። በብሪታንያ ለምሳሌ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አያልፉም።

ሕጉ የማያግደውና ለአንድ ቢላ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ከእንጨትና ከጭቃ ጋር የሚውል ከሆነ የማይዝገውን ሞራ ይውሰድ፤ ዱር የሚወጣው አልፎ አልፎ ከሆነ ኦፒኔሉ ይበቃዋል። የትኛውንም ሲገዙ ስለቱን ወደ ዓይንዎ አቅንተው ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጥ ማለቱን ይዩ። ሞራ ከሆነ ሰገባውን ገልብጠው ወደ መሬት ይነቅንቁት፤ ቢላው ከወደቀ ሌላ ያስቀይሩ።