የዶሮ እግር በዓርብ ቀን

አራት የዶሮ እግር! ያውም በዓርብ።

«ቻይ ነው አይደል?» ብዬ አስተናጋጇን ሁለቴ ጠይቄያታለሁ እኮ። ቻይ እዚህ ቬትናም፣ ሃኖይ ውስጥ የቡድሃ አማኞች የጾም ምግብ ነው። ስሙን ስሰማ ሁሌም «ቻይው» የተባልኩ ይመስለኛል። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ይዛ የመጣችው ግን ቆዳው ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ፣ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ አጥንት ብቅ ያለበት የዶሮ እግር ነው።

ደሜ ፈላ። ሳህኑን ገፋሁት። በስልኬ አስተርጉሜ «ሥጋ አልበላም» የሚለውን አሳየኋት። አነበበችና «ቻይ፣ ቺ፣ ቻይ» ብላ መልሳ ገፋችልኝ። «ቺ» እንደኛ «እትዬ» መሆኑ ነው። እትዬ እየተባልኩ መታለሌ የባሰ አናደደኝ። እኔም መልሼ ገፋሁት።

በመጨረሻ የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ወጣች። ምንም ሳትል አንዱን እግር አነሳች፤ አጥንቱን መዘዝ አድርጋ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

ጠጅ ሳር! እናቴ ሻይ ውስጥ የምትጨምረው ጠጅ ሳር፤ ይሄኛው ግንዱ ነው እንጂ። «ሥጋው» ደግሞ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላዩ የሚጋግረው ስስ ሽፋን ነው። እሱን ግንዱ ላይ ጠቅልለው ይጠብሱታል። ልጅቷ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትም አገዟት።

ሴትየዋ ወዲያው ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። እዚህ አገር ዕድሜ ካልታወቀ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ግራ ነው፤ ተማሪዎቼም መጀመሪያ ቀን የጠየቁኝ እሱኑ ነበር። 34 ስላት «ኤም» አለችኝ፤ ታናሽ እህቷ ሆንኩ ማለት ነው። ከዚያማ እንደ ታላቅ «ብዪ እንጂ!» በምልክት ሆነ።

በላሁ። ከላይ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ እንደ እውነተኛ ዶሮ ይተረተራል። የጠጅ ሳሩ ሽታ እስከ ውስጥ ዘልቋል። በቃሪያ አኩሪ አተር ሶስ ሲጠቀስማ ሌላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ጾም የገደፍኩ መሰለኝ። ያየኝ አበሻ ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

በቲማቲም የተሠራው ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ በሉት) ግን ሳህኑ ላይ ቀረ። ቀይ ሽንኩርት የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው። ጥብቅ ጿሚዎቻቸው እነዚህን አይነኩም፤ ስሜት ይቀሰቅሳሉ ይላሉ። እሺ፣ ሽንኩርት ከተከለከለ እኛ በምን ልንጾም ነው? ያቺ ሰፈሬ ያለችው የበያይነቱ ቤት፣ ሽሮዋ እየተንተከተከ ስትመጣ ታየችኝ።

ይባስ ብሎ ቡና ሳዝዝ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል የቆርቆሮ ወተት ተኝቶበት መጣ። ለእነሱ ወተት ጾም አያስገድፍም። ሽንኩርቱ ክልክል፣ ወተቱ ግን ችግር የለውም! ለእናቴ በስልክ ብነግራት «እነሱስ ተመችቷቸዋል» አለችኝ። ጥቁሩን «ካፌ ደን» ብላችሁ እዘዙ። ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ስለሆነ ምርር ይላል፤ ከኛ ጋር አታወዳድሩት።

ዋጋው? አራቱ እግር ብቻ 90 ሺህ ዶንግ። ከማስተምርበት ሕንፃ ሥር ሙሉ የሩዝ ምሳ በ40 ሺህ እበላለሁ። ለአኩሪ አተርና ለሣር! ደግሞም በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወሩ የገባበትና 15ኛው ቀን ላይ አትሂዱ። ያኔ ብዙ ሰው ቻይ ስለሚበላ ቤቱ ይጨናነቃል። እኔ 15ኛው ገጥሞኝ 25 ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ስወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጌ ከፈልኩ። ከጎኑ ያለችው ሚጢጢ ስፒከር የገባውን ሒሳብ ለቤቱ ሁሉ አወጀች። ሳህን ስገፋ ያዩኝ ሰዎች እንደገና ዞረው አዩኝ።

ረቡዕ እመለሳለሁ። እግሩን ብቻ ነው የማዝዘው፤ ቡናዬን ቤቴ።