በውክልና የሚሸጥ «ቦሎ ያለው» ኮሮላ፦ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከምርመራ ጣቢያ ከተመለስኩ 3 ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ከ5 ወር በፊት በ850,000 ብር የገዛሁት ኮሮላ ዛሬ ለቦሎ (መስታወት ላይ ለሚለጠፈው የዓመታዊ ምርመራ ማለፊያ ምልክት) የሚደረገውን ምርመራ አላለፈም፤ ከእንግዲህም አያልፍም። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም የመኪናው አካል ላይ የታተመው መለያ ቁጥር፣ ተቆርጦ የተበየደ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ነጠላ ያጣፋ፣ ረጋ ያለ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ልጄ» የሚል አረጋዊ ነው። ከጎኑ ስልኩ የማያርፍ ደላላ ቆሟል። መኪናው «ቅዳሜና እሁድ ብቻ የተነዳ» ነው፣ ሌላ ገዢ ደግሞ ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ነው። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ የሰፈረው ስም የሻጩ አልነበረም። «ውክልና አለኝ፤ አንቺንም እወክልሻለሁ፣ ስሙን ሲመችሽ ታዞሪዋለሽ» አለኝ። ስም ለማዞር መኪናው መጀመሪያ እንደሚመረመር አውቅ ነበር። ውክልናው ከዚያ ምርመራ ማምለጫ መሆኑን ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም።

ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል። ሊብሬውን በግራ እጄ ይዤ የስልኬን መብራት አበራሁና ከሞተሩ ጀርባ ወዳለው ላሜራ ጎንበስ አልኩ፤ ቁጥሩ እዚያ እንደሚገኝ የአክስቴ ልጅ ነግሮኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አየሁ። በዚህ ጊዜ የሽማግሌው እጅ ትከሻዬን ያዘ። «ልጄ፣ ልብስሽን ዘይት እንዳይነካብሽ» ብሎ በቀስታ ወደ ኋላ መለሰኝና ኮፈኑን ዘጋው። ከዚያም መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ በጣቱ መታ መታ እያደረገ «መንግሥት የመረመረውን አንቺ ልትመረምሪ ነው? ካላመንሽኝ ይቅር። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አታልዬ የት እገባለሁ?» አለኝ።

ይሉኝታ ያዘኝ። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ይክፈቱልኝ» ማለት። አባቴን በሚያህል ሰው ፊት ያንን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ይባስ ብዬ እኔው ይቅርታ ጠየቅሁት። ውሉ ላይ «በዓይኔ አይቼ፣ አስፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ነበረ። አላስፈተሽኩም፤ ግን ፈረምኩ። የ3 ዓመት እቁቤና ከወንድሜ የተበደርኩት ገንዘብ በዚያች ፊርማ ሄደ።

ዛሬ መርማሪው ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ ላሜራውን ሲጠርገው ቀለሙ ለቀቀ። ከሥሩ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮውን ሲፍቀው ደግሞ በቁጥሮቹ ዙሪያ እንደ ተጣፈ ኪስ አራት ማዕዘን የብየዳ መስመር ታየ። ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ቀና ብለው ያዩኝ እንደ ሌባ ነበር። «ይህንን ከየት አመጣሽው?» አለኝ አንደኛው። ሌላው መልሴን ሳይጠብቅ «አምና ይህ መኪና ምርመራ አልገባም፤ የገባው ወረቀቱ ነው» አለ። የኋላው ግራ ፍሬንም ጨርሶ አይዝም። በዚህ መኪና ነው ልጆቼን 5 ወር ሙሉ ትምህርት ቤት ያደረስኩት!

ቦሎ ማጣቱ ለካ ትንሹ ጣጣ ነው። ቦሎ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ትራፊክ ሲያገኘው ያስቆመዋል፣ ይቀጣዋል። ሻንሲው የተነካካ ከሆነ ደግሞ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናውን ይዞ የተገኘውን ሰው ነው፤ እኔን ማለት ነው። ሰው ብገጭስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት ጥፋት ባይሠራም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የኢንሹራንስ ውሌን አውጥቼ ባነበው መኪናውን ለመንዳት ብቁ አድርጎ መያዝ የእኔ ግዴታ እንደሆነ ተጽፎ አገኘሁ። ውክልናውንም ቢሆን ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ያበቃል። ሊብሬው ላይ ያለውን ሰው ደግሞ እኔ አይቼው አላውቅም።

ሻጩ ስልክ አያነሳም። ደላላው አነሳና «እህቴ፣ እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «40 ሺህ ብር አዘጋጂ። መኪናው ሳይሄድ ቦሎ የሚያወጣልሽ ሰው አለ፤ ከዚያ እኔው ራሴ እሸጥልሻለሁ» አለ። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ለእኔ የደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። ስልኩን ዘጋሁበት። ይህንን መኪና ለሌላ እናት አልሸጥም፤ ገንዘቤ ቢቀር ይቅር።

የሕግ ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ «አይቼ ወድጄ» የሚለው ቃል አያድነውም፤ ገዢ ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፣ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ራሳችሁ ይዛችሁ ምርመራ አስገቡ። ስሙ ሳይዞር ሙሉውን ገንዘብ አትስጡ። ደላላው ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሌላ ነጭ ኮሮላ ፎቶ ለጥፏል፤ ያው ግቢ፣ ያው ሰማያዊ የብረት በር። «ቦሎ ያለው» ይላል። በአንዱም ፎቶ ላይ ኮፈኑ አልተከፈተም።