ያመማትንና ያበጠውን ለይታ ላየችልን ሐኪም

ደሴ ላይ እማዬን የምታክም አንዲት ወጣት የውስጥ ደዌ ሐኪም አለች። ስሜን በአደባባይ አትጥሪ ስላለችኝ አልጽፈውም። የተቸገረ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እጠቁማለሁ።

እማዬ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያስቆጣበት በሽታ፣ ከያዛት ቆይቷል። የዚህ በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሜቶትሬክሴቷን በሳምንት አንዴ ትወስዳለች፣ አታዛንፍም። አምና ግን ሕመሙ ጠናባት። "ሌሊቱን ሲቀጠቅጡኝ ያደሩ ይመስል" እያለች ነበር የምትነሳው። ሌላ ቦታ ስናመላልሳት በሄድን ቁጥር መድኃኒት ይጨመራል። ከተጨመሩት አንዱ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ፣ ፊቷን አሳበጠው፣ ስኳሯን ከፍ አደረገው። ሕመሙ ያው።

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተን ደሴ የደረስን ቀን ዶክተሯ መጀመሪያ የእማዬን እጅ ያዘች። ጣት በጣት፣ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ጉልበት። 28 መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ጫን እያደረገች ያመማትንና ያበጠውን ለየብቻ ጻፈች። ያመማት 16፣ ያበጠው 1 ብቻ። ኢኤስአሯ፣ በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ 14፣ ደህና የሚባል። "ሕመምሽ ከ100 ስንት ነው?" ስትላት እማዬ 80 አለች።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲሰላ ዳስ 28 የሚሉት የሩማቶይድ ኃይል መለኪያ 5.5 ገደማ መጣ። ከ5.1 ካለፈ በሽታው ኃይለኛ ነው ይባላል፣ መድኃኒትም ይጨመራል። እሷ ግን ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ስሌቱ ላይ ሕመም ከእብጠት እጥፍ ይመዝናል። ቁጥሩን የሰቀለው ብግነቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መቆጣት፣ ሳይሆን ሕመሙና ያ 80 ነው።

"እንቅልፍሽስ እናቴ?" አለቻት። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች።

እማዬ አለቀሰች። በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ወጥተን የሆነውን፣ በዚያው ሰሞን ያረፈውን ወንድሟን፣ ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝን ሁሉ አወራች። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። ዶክተሯ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ ጭኗን ጫን ጫን ስታደርጋት መገጣጠሚያ ያልሆነውም ያማታል። ፋይብሮማያልጂያ ነው አለችን፣ መገጣጠሚያው ሳይቆጣ ሰውነትን ሁሉ የሚያም በሽታ። ሩማቶይድ ያለበትን ሰው ደርቦ መያዙ የተለመደ ነው። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያብሱታል።

"አብሽሪ እናቴ፣ ሕመምሽ የእውነት ነው። የሚመጣበት መንገድ ነው የተለየው" አለቻት። እማዬ እጇን ይዛ አልለቅ አለች። "ሐሳብ ነው" ስንላት ነው የከረምነው፣ እኔም ጭምር። ይቆጨኛል።

ሜቶትሬክሴቱ ባለበት ቀጠለ። ፕሬድኒሶሎኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ አወረደችው። ማታ ማታ ለሕመሙና ለእንቅልፉ የሚረዳ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን፣ በየቀኑ የእግር ጉዞ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ደግሞ ቀጠሮ። በሄድን ቁጥር መገጣጠሚያዎቿን እንደገና ትቆጥራለች፣ እብጠት ከተነሳ ጉዳዩ የሩማቶይዱ እንደሆነም ነግራናለች። ሕመሙ አልጠፋም። ግን ባለፈው እሁድ እማዬ ቡናውን ራሷ ወቅጣ አፈላች፣ ሦስተኛውን ቀድታልን ነው የተነሳችው።

ዶክተርዬ፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ። የምትሄዱ ሰዎች እስከ ዛሬ የተወሰደውን መድኃኒትና የላብራቶሪ ውጤት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱንም ሳታይ አታልፍም።