ያለ ማጣሪያ የተሸጠልኝ ቼክ ቫልቭ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያስገጠምኩት የግማሽ ኢንች የናስ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን መልካም አገልግሎቱ ሳይሆን በመዝጊያው ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት።

ቤቴ በጅማ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው የጅረን ዳገት ላይ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ከእኔ በታች ያሉ ቤቶች ቧንቧ በከፈቱ ቁጥር በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ሮቶዬ ውስጥ ያጠራቀምኩትም በገባበት መንገድ ተመልሶ ይሄድ ነበር። ከዚህ የሚከፋው መስመሩ ባዶ ሲሆን የሚፈጠረው መሳብ ነው፤ የጎማው ጫፍ የልብስ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ ከተረሳ፣ እጣቢው ወደ ቧንቧው ሊገባና ውሃው ሲመለስ ጎረቤት ሊጠጣው ይችላል። ቫልቩ ይህን ይከለክላል፦ የሚገባው ውሃ መዝጊያውን ገፍቶ ያልፋል፤ ግፊቱ ሲቆም በውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) መዝጊያውን ወደ መቀመጫው ይመልሰዋል። ክረምቱን ያለ እንከን ሠራ።

በጋ ላይ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። በቀጣዩ መቋረጥ ሮቶው ሌሊቱን ጎደለ። ወደ ቆጣሪው ሄጄ ባየሁ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ አንድም ቧንቧ ሳይከፈት፣ በመስታወቱ ሥር ያለችው ትንሿ ቀይ ምልክት ዝግ ብላ ወደ ኋላ ትዞራለች። ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ መጋጠሚያ) ስላልነበረው ቧንቧ ሠራተኛው ቫልቩን ለማውጣት መስመሩን በመጋዝ መቁረጥ ግድ ሆነበት። ሲወጣ የዝገት ቅርፊትና ቅንጣቷ ከጎማው ማሸጊያ ጋር ተጣብቀው ተገኙ፤ ቅንጣቷ ያረፈችበት ቦታ በጥፍር ሲነካ የሚታወቅ ጉድጓድ አበጅቷል።

ሄርማታ ሰፈር ያለው ሻጭ ሲሸጥልኝ በቫልቩ ገላ ላይ የተቀረጸውን 16 ቁጥር እያሳየ «ጋሼ፣ ይኼ 16 ባር የሚችል ዕቃ ነው፤ የእርስዎ ሮቶ ምን ያደርገዋል?» ብሎኝ ነበር። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ገላው ሳይፈነዳ ስለሚችለው ግፊት እንጂ መዝጊያው አጥብቆ ስለመዝጋቱ አይደለም። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ስለሚጫን፣ 4 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠው ሮቶዬ የሚሰጠው 0.4 ባር ብቻ ነው። ከኋላ የሚመጣው ግፊት ሲበረታ መዝጊያውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሲደክም ግን ትንሽ ቅንጣት እንኳ ክፍተት ትፈጥራለች። እንግዲህ ሻጩ ያቃለለው ደካማው ሮቶዬ ነው ቫልቩን የፈተነው።

ይኸው ሰው ዛሬ ብጠይቀው «ቫልቩ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የውሃው ነው» እንደሚለኝ አልጠራጠርም፤ ምናልባትም ቆጣሪው ወደ ኋላ ከዞረ ሂሳብዎ ይቀንሳል ብሎ ያጽናናኝ ይሆናል። ውሃው እንዲህ መሆኑን ግን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያንን እያወቀ ያለ ማጣሪያ መሸጡ ነው ያስቀየመኝ።

አሁን ከቫልቩ በፊት ወንፊት ያለው ማጣሪያ፣ በግራና ቀኙ ዩኒየን፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ መስመሩን በእጅ የምዘጋበት ጌት ቫልቭ አለ። ረጅም መቋረጥ ባለፈ ቁጥር ጌት ቫልቩን ዘግቼ ወንፊቱን አጥባለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀይዋ ምልክት ወደ ኋላ ስትዞር አላየሁም። ግፊት በሚደክምበት ሰዓት ሮቶው ከቀድሞው ዘግይቶ መሙላቱ እውነት ነው፣ ሞላውም ወንፊቱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ እኔ ግን ዘግይቶ የሚሞላውን ሌሊት ከሚጎድለው እመርጣለሁ። ከመርዝ ወይም ከፍሳሽ ጋር ለሚነካካ መስመር ይህን የመሰለ ነጠላ ቫልቭ ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ የሳፋውን ቧንቧ አፍ ከሳፋው ጠርዝ በላይ ከቧንቧው ዲያሜትር ሁለት እጥፍ በማያንስ ክፍተት አስነሥቼዋለሁ፤ በአየር መካከል ዘልሎ የሚመለስ ውሃ የለምና።

ዳግመኛ ብገዛ ይህንኑ ቫልቭ እገዛለሁ፤ ከመደብሩ የምወጣው ግን ማጣሪያውና ሁለቱ ዩኒየኖች በዚያው ከረጢት ከገቡ በኋላ ነው።