ሎጌን ማክ ቲር፦ ክፉ ወይስ ብቃት የጎደለው አዛዥ?

ባዮዌር በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» ጨዋታ፣ የጦር አዛዡ ሎጌን የፌሬልደንን ንጉሥ ኬይላንን በኦስታጋር ጦር ሜዳ ለጠላት ጥሎ በመሄዱ፣ ክፉ ነው ወይስ ሥራውን የማይችል የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም።

ብቃት የለውም የሚለው ወገን ከጦር ሜዳው ይልቅ ከዚያ በኋላ ባለው አገዛዙ ላይ ሲመረኮዝ ይጠነክራል፤ ሎጌን ጎረቤት አገር ኦርሌይ ፌሬልደንን የወረረችበት ትዝታ ስላልለቀቀው ግሬይ ዋርደኖችን፣ ማለትም ዳርክስፖን የተባሉትን ጭራቆች የሚዋጉትን ተዋጊዎች፣ በከዳተኝነት ወንጅሎ ያሳድዳል፣ የዳርክስፖን መንጋ ወደ ሰሜን እየገፋ ሳለም ፌሬልደን በእርስ በርስ ጦርነት ትታመሳለች። ይህ በእርግጥ የደካማ መሪ ሥራ ነው።

በኦስታጋር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሎጌን ወደ ውጊያው እንዲገባ ምልክት የሆነው የማማው እሳት ዘግይቶ ሲበራ፣ ምልክቱን እያየ ማፈግፈግን ያዝዛል፤ ምክትሉ ሰር ኮትሪየን ስለ ንጉሡ ስትጠይቀው ክንዷን ጨምድዶ ይዞ ትእዛዙን ያጸናል። የደነገጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። ማፈግፈጉን እንኳ፣ ምልክቱ ዘግይቷልና፣ ይቅር ብንለው፣ በዋና ከተማዋ በዴኔሪም የሚኖሩትን ኤልፎች (ሰው መሰል ሕዝቦች) ለቴቪንተር አገር ባሪያ ነጋዴዎች መሸጡና አርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ኢመንን ማስመረዙ በስሕተት የሚሳበቡ ስላልሆኑ፣ በእኔ ሚዛን ክፋቱ ያይላል። ጨዋታው ራሱ ግን የተሸነፈውን ሎጌን መግደልንም፣ ግሬይ ዋርደን አድርጎ ከጎን ማሰለፍንም ይፈቅዳል።