ሦስት ቀን የተመላለስሁበት የባንክ ቅርንጫፍ

ከሰባት ዓመት በላይ ደንበኛው ሆኜ በቆየሁበት አንድ የግል ባንክ፣ ለሰፈሬ ቅርብ በሆነው የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ፣ ባለፈው ወር በአንድ ጉዳይ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። የባንኩን ስም የማልጠቅሰው ያየሁት ነገር የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ጉዳዩ ተራ ነበር፤ ደሴ ለምትኖረው እኅቴ በሞባይል መተግበሪያው በኩል 4,500 ብር ወደ ሌላ ባንክ ላክሁ፤ ገንዘቡ ከእኔ ሂሳብ ተቀነሰ፣ እርሷ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ቅርንጫፉ ላየው ሰው ምንም የሚጎድለው አይመስልም። ወለሉ ያበራል፤ መቀመጫው አዲስ ነው፤ ከመስኮቶቹ በላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል። ከአምስቱ መስኮቶች ሰኞ ጠዋት ሰው የነበረባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ወረቀት ስለጨረሰ ተራ የሚያስይዘው የጥበቃ ሠራተኛው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ካየኋቸው ሠራተኞች ሁሉ ሥራውን የሚያውቀው እርሱ መሰለኝ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ይዘው ሲቸገሩ አይቶ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «እናቴ፣ በአኃዝ እዚህ ጋ፣ በፊደል ደግሞ ከሥር» እያለ በጣቱ አሳያቸው፤ ሊፈርሙ ሲሉ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ይህን ማንም አላዘዘውም ብዬ እገምታለሁ።

ሃምሳ ደቂቃ ጠብቄ መስኮቱ ጋ ስደርስ ካሸሯ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ «ተቀንሷል» አለችኝ።

«እርሱንማ አውቃለሁ፤ የት እንደገባ ነው የምጠይቀው።»

«ይጠብቁ፣ ሲስተሙ ራሱ ይመልሰዋል።»

መቼ እንደሚመልሰው ብጠይቅ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። በባንኮቻችን ሲስተም የሚባለው ነገር እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣና የሚቀር ሆኗል፤ ሲስተም ሄደ፣ ሲስተም እምቢ አለ፣ ሲስተም እስኪመጣ ይቀመጡ እንባላለን እንጂ ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች የት እንዳሉ የሚነግረን የለም።

ረቡዕ ስመለስ በዚያው መስኮት ሌላ ሠራተኛ ነበር፤ ወጣት፣ ትሑትና ፊቱ ፈገግታ የማይለየው። ስሜን አይቶ «ጋሼ» እያለ አናገረኝ፣ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ለእኅቴም አዘነላት። በመጨረሻ የነገረኝ ነገር ግን ሰኞ ከተባልሁት በአንድ ቃል እንኳ አይለይም፤ ይጠብቁ፣ ይመለሳል። ከዚያ መስኮት የሄድሁት ሳልቆጣ ነው፤ እጄ ግን እንደ ሰኞው ባዶ ነበር።

የመሥሪያ ቤት አገልግሎት ሲነሣ ሁልጊዜ የምንሰማው «የአመለካከት ችግር» የሚለውን ሐረግ የተጠራጠርሁት ያን ቀን ነው። የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥሩ ይለውጣል የተባለው ቢፒአር መጣ፣ ሥራን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ማሻሻልን የሚያስተምረው የጃፓኖቹ ካይዘን መጣ፣ በሆቴል አዳራሽ የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና በየጊዜው ይሰጣል፤ ሠራተኛው ፈገግ እንዲል፣ ቆሞ እንዲቀበል፣ ድምፁን እንዲያለሰልስ ይመከራል። የረቡዑ ወጣት ይህን ሁሉ አሟልቶ ነበር። የጎደለው ለደንበኛው የሚሰጠው መረጃና በገዛ እጁ ሊወስደው የሚችለው እርምጃ ነው።

ነገሩ የገባኝ ዓርብ ዕለት ነው። ያን ቀን የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ ከውስጥ ቢሮዋ ጠረጴዛዋን አውጥታ አዳራሹ ውስጥ፣ ከጥበቃ ሠራተኛው መቆሚያ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቁጭ እንድል ካደረገችኝ በኋላ ያብራራችልኝ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ የሚላክ ገንዘብ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ የተቀባዩ ባንክ መልስ በጊዜው ካልተመለሰ የላኪው ሂሳብ ተቀንሶ፣ የተቀባዩ ሳይጨመርለት፣ ሁለቱ ወገኖች ሂሳባቸውን እስኪያስታርቁ ድረስ መሐል ላይ ይቀራል። ማስታረቁ የሚሠራው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ በመስኮቱ ላይ ያለችው ካሸር የምታየው «ተቀንሷል» የሚለውን አንድ መስመር ብቻ ነው። ማለትም ሰኞ የተነገረኝ ቃል፣ በግልምጫ ይነገረኝ እንጂ፣ ልጅቷ የምታውቀው ሁሉ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚሁ ጉዳይ የሚሞላ የቅሬታ ቅጽ አለ፤ በሁለቱ ቀናት ስለ እርሱ የነገረኝ አልነበረም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ኃላፊዋ ሳትሸፋፍን መለሰችልኝ፤ ቅጹ ሲሞላና ሲመዘገብ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ የካሸር የቀን ሥራ ደግሞ የሚቆጠረው ባስተናገደው ሰው ብዛት ነው። እንግዲህ ሠራተኛን በወረፋ ፍጥነት ብቻ የሚመዝን አለቃ፣ ችግር ይዞ የመጣውን ደንበኛ ቶሎ ከመስኮቱ ማራቅ እንደሚያዋጣ ለሠራተኛው በየቀኑ እያስተማረው ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ይህን ትምህርት አያስረሳም።

የሕግ ጉድለትም የለብንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የገንዘብ ተቋማት ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ቅርንጫፉ ሥርዓቱ ነበረው፤ መሳቢያ ውስጥ።

ኃላፊዋ ቅጹን ራሷ ሞላች፣ የቅሬታውን ቁጥርና የጠረጴዛዋን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና «እስከ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ካልገባ እኔው እደውልልዎታለሁ» አለችኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ፈገግ አላለችም፤ አልጎደለኝም። ገንዘቡ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሂሳቤ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ፤ ገብቶልኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ የደወለችው እርሷ ነበረች።

እንግዲህ ስለዚህ ቅርንጫፍ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህን ነው። ገንዘብ ለማስገባትና ለማውጣት ብቻ ከሆነ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ከሄዱ፣ ከሌሎች አይሻልም፣ አይከፋምም። ችግር ገጥሞት የሚሄድ ሰው ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ ጊዜውን አያባክን፤ በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ይሂድ፣ የቅሬታ ቅጹን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፣ ቁጥር ሳይቀበልም አይውጣ። ባንኩን ደግሞ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ያ ቅጽ በየመስኮቱ ይኑር፣ እርሱን መሙላትም ለካሸሩ እንደ ሥራ ይቆጠርለት።

ሂሳቤን አልዘጋሁም። ባለፈው ሳምንት ጎራ ብዬ ሳይ የኃላፊዋ ጠረጴዛ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ የወረፋው ማሽን ግን እስካሁን ወረቀት አልገባለትም፣ ተራ የሚያስይዘው ያው ጥበቃው ነው።