የገና ሌሊት ጧፍ፦ ከደጀ ሰላሙ ምን እንግዛ?

ለልደት ማኅሌትና ቅዳሴ ፒያሳ ጊዮርጊስ ወይም አራት ኪሎ ሥላሴ ለሚያድር ሰው ምርጫችን ቀጭኑ የንብ ሰም ጧፍ ነው። የፋብሪካው ወፍራም ሻማ መብራት ሲጠፋ ለቤት ይሁን፤ በእጅ ተይዞ ለሚቆምበት ሌሊት አይመችም።

ንጹሕ ሰም ሲሸተት ማር ማር ይላል፤ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል እንጂ አይፈረፈርም። ቢጫነቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ፓራፊንም ይቀለማል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ርካሹ ፓራፊን ከዚያ ቀድሞ ስለሚለሰልስ፣ በሕዝብ መካከል በእጅ ሙቀት ብቻ ይጎብጣል። ፈትሉንም እዩ፦ ከሰሙ ጋር ሲነጻጸር ከወፈረ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ጥቀርሻ ይተፋል፣ ሰሙም ይንጠባጠባል። አንዱን አስለኩሱና ጥቂት ጠብቁ፤ ጥቁር ጭስ ካወጣ እስሩን መልሱት። (በአገራችን ብዙው ሰም ከጠጅ የሚተርፍ ነው፤ ማሩ ለጠጅ ቤት፣ ሰሙ ለቤተ መቅደስ።)

ቀጭኑን የመረጥነው ለእጅ ስለሚመች ብቻ አይደለም። ኅዳር 15 የሚጀመረው ጾመ ነቢያት የነቢያቱ ናፍቆት መታሰቢያ ነው። ኢሳይያስ በጨለማ የሄደ ሕዝብ ብርሃን ማየቱን የተናገረው (9፥2) ከልደቱ 700 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ብርሃኑ ሲመጣም ቤተ ልሔም በአንዴ አልነጋላትም፤ መላእክቱ ከተመለሱ በኋላ እረኞቹ የሄዱት በዚያው ሌሊት ነው፣ ሄሮድስም ዙፋኑ ላይ ነበር። ያገኙት በግርግም የተኛ ሕፃን ነው፤ ያም በቅቷቸው እያመሰገኑ ተመለሱ። ዘንድሮ ኀዘን ወይም ሥራ ማጣት ለገባበት ቤት የገና ተስፋ ይኸው ነው፦ ችግሩ ሳያልቅ እግዚአብሔር እዚያው መካከል ተወልዷል። ከጎረቤት ተለኩሶ የዳዊትን አንድ ገጽ የምታበራ ጧፍ ለዚህ ትበቃለች።

አያያዙ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የነጠላው ጫፍ ወደ ኋላ ይጣል፣ ጧፉ ከደረት ራቅ ይበል፤ ስስ ጥጥ ቶሎ ይያያዛል። ሕፃን ላዘለ ሰው ሌላው ይያዝለት። ሰም ነጠላ ላይ ከፈሰሰ ትኩስ እያለ አትሹት፣ ይሰራጫል። ሲደርቅ በማንኪያ ጀርባ ፋቁት፤ ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት፣ ወረቀቱ ሰሙን ይመጥጠዋል። ጋዜጣ ግን አይሆንም፣ ቀለሙን ጥለቱ ላይ ይተዋል።